«ደም ብዛት» ማለት ደም በዛ ማለት አይደለም፦ አክስቴ ለላከችልኝ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው እሑድ ጠዋት አክስቴ አንድ ረጅም ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ የድምፅ መልእክት ነበረው። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ይህችን አንብባት። እውነታቸውን እኮ ነው! እኔማ የግፊቱን ክኒን ከተውኩ ሳምንት አለፈኝ። ደህና ነኝ፣ አታስብ።»

የያዝኩትን ስኒ ቁጭ አደረግኩ።

ጽሑፉ የሚጀምረው ሐኪሞች ስለ ልብና ስለ ደም የሚደብቁንን አወጣለሁ ብሎ ነው። የጸሐፊው ስም የለበትም። ከግሩፕ ግሩፕ ሲንከባለል የመጣ ነገር ነው። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ። ልብ በግራ ደረት ይገኛል። የበላነው ምግብ ጉበት ውስጥ ደም ይሆናል፣ ሰውነትም ያንን ደም ይጠጣዋል። ልብ የሚመታው አንጎል ስለሚያዘው ነው። የደም ግፊት የሚባለው ደም ከልክ በላይ ሲበዛ ነው፣ ስለዚህ ዋገምት ይበቃዋል። የደም ስር በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ይጠረጋል። ልብ ድካም ድንገት የያዘው ሰው አጥብቆ ቢያስል ይተርፋል። በመጨረሻም ይህ ሁሉ የሀብታምና የሽማግሌ ጣጣ ነው ይላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ነኝ። ግን ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፦ ጸሐፊው የዋሹ አይመስለኝም። ቃል ነው ያሳሳታቸው። እኛ ለልብና ለደም ጣጣዎች ያወጣናቸው ስሞች ግማሾቹ ወጥመድ ናቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ ገብተውባቸዋል።

ከቀላሉ ልጀምር። ልብ በግራ ደረት አይደለም ያለው። መሀል ላይ ነው፣ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል። ሹል ጫፉ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ምቱ እዚያ ጎልቶ ይሰማል። መጠኑ የባለቤቱን ጭብጥ ያህላል፣ ክብደቱ 300 ግራም ገደማ። ይህ ስሕተት ማንንም አይገድልም፣ እንለፈው።

ሁለተኛው ግን ደስ የሚል ስሕተት ነው። «ምግብ በጉበት ደም ይሆናል፣ ሰውነትም እንደ ጥም ውኃ ይጠጣዋል» ይላሉ። ጸሐፊው ሳያውቁት የጋሌንን ትምህርት ነው የደገሙት። ጋሌን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የኖረ ታላቅ ሐኪም ነበር። እሱም ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ ደም ከጉበት ይወጣል፣ አካል ይጠቀምበታል፣ ያልቃል፣ እንደገና ይመረታል። ከሺህ ዓመት በላይ ዓለም ይህን አመነ። ያፈረሰው ዊልያም ሃርቬይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች ዋናው ተራ ሒሳብ ነበር።

ሒሳቡን በዛሬው ቁጥር እንሥራው። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይረጫል። በደቂቃ 70 ጊዜ ይመታል እንበል። ሲባዛ 4.9 ሊትር መጣ። በሰዓት 294 ሊትር። ቤታችሁ ያለችውን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አስቡ። ልብ በአንድ ሰዓት ወደ 15 ጀሪካን ይሞላል ማለት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ደም በየሰዓቱ ከምግብ እየተሠራ የሚያልቅ ከሆነ ምን ያህል እንጀራ ብንበላ ይበቃን ነበር? ሰውነታችን ውስጥ ያለው ደም ጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ያው ደም ይዞራል። ወጥቶ ይመለሳል፣ በደቂቃ አንዴ።

የሃርቬይን አንዱን ሙከራ ተማሪዎቼ በጣም ይወዱታል። ክንዳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ደም ስሩ ሲያብጥ ጠብቁ። አንዱን እብጠት በጣት ጫኑት። በሌላው ጣት ከዚያው ጀምራችሁ ደሙን ወደ ክርን ግፉት። የተገፋው ስር ባዶ ይሆናል፣ ባዶውንም ይቆያል። ከላይ ወደ ታች አይሞላም። ውስጡ ወደ ልብ ብቻ የሚከፈቱ በሮች አሉ። የታችኛውን ጣት ስታነሱት ዥው ብሎ ይሞላል። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ምን አለ?

ደም ቅዳና ደም መልስ የሚሉት የአማርኛ ቃላት እንዲያውም እዚህ ላይ ግሩም ናቸው። ደም ቅዳ ከልብ ቀድቶ ይወስዳል፣ ደም መልስ ይመልሳል። በየቤቱ ግን ሁለቱንም «ደም ስር» ብለን እናልፋቸዋለን። በነገራችን ላይ ጽሑፉ በደም መልስ ውስጥ ያለው ደም ሰማያዊ ነው ይላል። አይደለም። ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ቆዳ ብርሃንን በሚያስተናግድበት መንገድ ምክንያት ለዓይን ሰማያዊ ይመስላል እንጂ። ላቦራቶሪ ገብታችሁ ደም ስትሰጡ ሲሪንጁን እዩት።

ደም የት ይሠራል ታዲያ? ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። አንዱ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ምግብ ብረቱንና ሌላውን ጥሬ ዕቃ ያቀብላል። ቀይ ስር ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም። ይህን ለእናቴም ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ አልሰማችኝም።

ለሃርቬይ ብቻም ክብሩን አንስጠው። ከእሱ ወደ 400 ዓመት ገደማ ቀድሞ ኢብን አል ናፊስ የሚባል፣ ደማስቆ የተማረና ካይሮ የሠራ ሐኪም ደም ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ ሄዶ ወደ ግራ ልብ እንደሚመለስ በ1242 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ጋሌን በቀኝና በግራ ልብ መካከል ባለው ግድግዳ የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ ሲል፣ ኢብን አል ናፊስ የለም፣ ግድግዳው ድፍን ነው አለ።

ግድግዳው ድፍን መሆኑን እኔም በጣቴ አይቻለሁ። ባለፈው ፋሲካ ቤት በግ ሲታረድ ልቡን ለእኔ ተዉልኝ ብዬ ለመንኩ። ሳቁብኝ፣ ግን ሰጡኝ። መክተፊያ ላይ አድርጌ በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። በመጀመሪያ የሚገርመው የግድግዳው ውፍረት ልዩነት ነው። የቀኙ ክፍል ስስ ነው፣ በጣት ጫን ሲሉት ይሰረጉዳል። የግራው ወፍራምና ጥኑ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀኙ ደሙን የሚልከው እዚሁ አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው። ግራው ግን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር መላክ አለበት። ቀጥሎ ቫልቮቹ፣ ማለትም ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት በሮች፣ አሉ። እንደ እርጥብ ወረቀት የሳሱ ናቸው። ከታች በነጫጭ ክሮች ከጡንቻው ጋር ታስረዋል፣ ልክ የጃንጥላ ጨርቅ በሽቦዎቹ እንደሚያዘው። ክሩን በጥፍሬ ሳብኩት። አልተበጠሰም። እነዚህን ክሮች አስታውሱልኝ፣ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

«ልብ የሚመታው አንጎል ስለሚያዘው ነው፣ ድምፁም ልብ ደረትን ሲደልቅ ነው» የሚለውስ? «የልብ ምት» ስለምንል ልብ የሆነ ነገር የሚመታ ይመስለናል። ድው ድው የሚለው ዋናው ድምፅ ግን የቫልቮች መዘጋት ነው። በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያሉት ሁለቱ ሲዘጉ የመጀመሪያው ድምፅ ይሰማል። ወደ ሳንባና ወደ ሰውነት የሚወስዱት ሁለቱ ሲዘጉ ሁለተኛው። ሐኪም በማዳመጫው የሚሰማው በሩ ገጥሞ ይዘጋል ወይስ ያሾልካል የሚለውን ነው። ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ስለሌለን በሶፍት ካርቶን እናዳምጣለን፣ በደንብ ይሰማል። ላኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1816 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ማዳመጫ ሲያስብ ያደረገው ከዚህ ብዙ አይለይም፣ ወረቀት ነው የጠቀለለው።

አንጎልን በተመለከተ፣ ልብ የራሱ ቀስቃሽ አለው። በቀኙ የላይኛው ክፍል ውስጥ ያለች ትንሽ የሕዋስ ስብስብ ኤሌክትሪክ እየፈጠረች ምቱን ታስጀምራለች። አንጎል በነርቭ በኩል ፍጥን ወይም ቀስ በል ይላል እንጂ ምታ አይልም። ማስረጃው የልብ ንቅለ ተከላ ነው። ክርስቲያን ባርናርድ በታኅሣሥ 1967 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ውስጥ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ሲሠራ የልቡ ነርቮች ተቆርጠው ነበር። ልቡ ግን አዲሱ ደረት ውስጥ መታ። ዛሬም የተተከለ ልብ ከአንጎል ጋር በነርቭ ሳይገናኝ ይሠራል። እንዲያውም ቀስ በል የሚለው ነርቭ ስለሌለው ሰውየው ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ 90 እና 100 ይመታል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ። አክስቴን ክኒን ያስጣላት ይሄ ነው።

«ስሙ ራሱ ይናገራል» ይላሉ ጸሐፊው፣ «ደም ብዛት ማለት ደም በዛ ማለት ነው። የበዛ ነገር ይቀነሳል። አባቶቻችን በዋገምት ይቀንሱት ነበር።»

ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ልክ ናቸው። የሚናገረው ግን ስሕተት ነው። ደም ብዛት ያለበት ሰው ደሙ ከሌላው ሰው አይበዛም፣ እንደማንኛውም ሰው 5 ሊትር ገደማ ነው። የጨመረው ደሙ በስሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። ግቢ ውስጥ አትክልት የምታጠጡበትን ጎማ አስቡት። ቧንቧውን ሳትነኩ የጎማውን አፍ በአውራ ጣት ጠበብ ብታደርጉት ውኃው ርቆ ይፈናጠራል፣ ጎማውም ይወጠራል። ውኃው አልበዛም። መውጫው ነው የጠበበው። ሰውነት ውስጥም ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው ጡንቻ ነው፣ ይጠብባሉ፣ ይሰፋሉ። ግፊት የሚወሰነው በዋናነት ልብ በሚረጨው መጠንና በእነዚህ ስሮች ጥበት ነው። ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውኃ በመያዝ ወይም በመልቀቅ ከኋላ ሆኖ ይቆጣጠራል።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። ሐሳባቸው ውስጥ አንዲት የእውነት ጭላንጭል አለች። አንዳንዱ የግፊት ክኒን ሽንት ያበዛል፣ በመጀመሪያ ሰሞን ፈሳሹን ይቀንሳል። በዓለም ላይ እውነተኛ የደም መብዛትም አለ። መቅኔ ቀይ ሕዋስ ከልክ በላይ ሲያመርት ደም ይወፍራል፣ ያኔ ሐኪሞች በእርግጥ ደም ይቀንሳሉ። በአንዲስ ተራሮች ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችም ቀይ ሕዋሳቸው ይበዛል። የሚገርመው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን ደም ለክቶ ነበር። ቀይ ሕዋስ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠን፣ ከባሕር ጠረፍ ሰው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ደገኛው ሁሉ «ደሙ ወፍራም ነው» የምንለውም እንግዲህ እዚያ ላይ አልሠራም።

ዋገምት ግን ግፊትን አያክምም። ቀንዱ ወይም ብርጭቆው የሚስበው ደም ትንሽ ነው። ደም የሚለግስ ሰው እንኳ ግማሽ ሊትር ገደማ ሰጥቶ ሻይና ብስኩቱን በልቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የጎደለውን ፈሳሽ ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል። የጠበበው ስር ግን እንደጠበበ ነው። ምላጩ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለግፊት ብሎ ሄዶ በሌላ መመለስ ማለት ነው።

ቀጥለው «ግፊት ያለበት ሰው ራሱ ያውቀዋል፣ ካላዞረውና ራሱን ካላመመው ድኗል» ብለዋል። ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው አረፍተ ነገር ይህ ነው። ብዙ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ምንም አይሰማውም። ይበላል፣ ይስቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ውስጥ ውስጡን ግን ያ ወፍራም የግራ ልብ ግድግዳ በየቀኑ ከባድ ነገር እንደሚገፋ ሰው ይበልጥ ይወፍራል። የልብ ጡንቻ ሲወፍር እንደ ጂም ጡንቻ አይደለም። ይደድራል፣ ደም ለመቀበል በደንብ አይላላም። ኩላሊትና ዓይን ይጎዳሉ። አንጎል ውስጥ ስትሮክ ይመጣል።

እሑድ ከሰዓት መለኪያዬን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል። አቦሉን ጠጥታለች፣ ቶናው እየተቀዳ ነው። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መለካት አይሆንም ብዬ አስጠበቅኳት። ተቆጣችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፌ፣ እግሯን መሬት አስረግጬ፣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ በልቧ ትክክል አሳርፌ፣ 5 ደቂቃ ዝም አስባልኳት። ዝም ማለቱ ነው የከበዳት። 168 በ98 አለ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት፣ 164 በ96። «ራሴን እንኳ አላመመኝም እኮ!» አለች።

የላይኛው ቁጥር ልብ ሲጨመቅ ያለው ጫና ነው። የታችኛው ልብ ሲላላ የሚቀረው። 120 በ80 ጥሩ ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት ይባላል። ክኒን ሲዋጥ ቁጥሩ ይወርዳል። ክኒኑ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። «ተሽሎኛል» ማለት ክኒኑ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ስለ ጨው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጽሑፉ «የፋብሪካ ምግብ ካልበላችሁ ጨው አያሰጋችሁም» ይላል። ይህ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሚኖር ሰው ግማሽ እውነት ነው፣ እዚያ አብዛኛው ጨው የሚመጣው ከታሸገ ምግብ ነው። እኛ ቤት ግን ከእጃችን ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚያው። ወጡ ሲሠራ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ የማትሞላ። ስንቱን ማንኪያ እንዳለፍን መቁጠሩን ለእናንተ ልተው።

ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ። «የደም ስር እንደ ጀበና ነው፣ ውስጡ አተላ ይጋገርበታል፣ በነጭ ሽንኩርት ይታጠባል» ተብሏል። ምሳሌው ያምራል። ግን የደም ስር ጀበና አይደለም። ስብና ኮሌስትሮል የሚከማቹት ደሙ በሚነካው ገጽ ላይ አይደለም። ከግድግዳው ውስጥ ነው፣ ከስስ ሽፋኑ ሥር። ከአተላ ይልቅ ለብጉንጅ ይቀርባል። ብጉንጁ ወደ ውስጥ ሲፈነዳ ደሙ ቁስል ያገኘ መስሎት እዚያው ይረጋል፣ መንገዱንም ይዘጋል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚያልፍ ምንም ነገር ገጹን ቢያጥበው ብጉንጁን አያወጣውም። ነጭ ሽንኩርት ግፊትን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ አልክድም። ወጥ ውስጥ ጨምሩት፣ ይጣፍጣል። የክኒን ምትክ ግን አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞላቸው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በዚህ ጽሑፍ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ቢጀምሩ መድማት ሊያስከትልባቸው ይችላል። ጎመንም እንዲሁ ያዛባል፣ በተቃራኒው አቅጣጫ። የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። በጾም ጎመን በጎመን ሆኖ በፍስክ ጨርሶ የሚተው ሰው የደሙ የመርጋት መጠን ከፍ ዝቅ ይላል። ጎመን ተዉ አይባልም። ዓመቱን ሙሉ እኩል ብሉ ነው የሚባለው።

ወደ ሳሉ እንምጣ። «ልብ ድካም ብቻዎን ከያዘዎ በኃይል እየሳሉ ሆስፒታል ይንዱ» ይላል። ይህ ምክር ከሃያ ዓመት በላይ በኢሜይል ሲዞር ኖሮ ነው አሁን በአማርኛ የመጣው። ለመመለስ መጀመሪያ ቃሉን ማጽዳት አለብን። «የልብ ድካም» የምንለው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንደኛው በእርግጥ ድካም ነው፦ ልብ ቀስ በቀስ ይደክማል፣ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰው ትራስ ደርቦ ይተኛል። ሁለተኛው የልብን ጡንቻ የሚመግበው ስር ድንገት ሲዘጋ ነው። ዜና ላይ «በድንገተኛ የልብ ድካም አረፈ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሦስተኛው ልብ ጭራሽ መምታት ሲያቆም።

ጸሐፊው ሁለተኛውን አልቀበልም ብለዋል። «ልብ ውስጡ ሁልጊዜ ደም ሞልቶ እያለ እንዴት ደም ይራባል?» ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ከጅቡቲ የሚመጣ የቦቴ ሾፌር ይነግራችኋል። ቦቴው ከኋላ 40,000 ሊትር ነዳጅ ተሸክሞ የራሱ ታንከር ከደረቀ መንገድ ላይ ይቆማል። ልብም የተሸከመውን ደም አይጠጣም። ከአኦርታ፣ ማለትም ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ መነሻ ላይ የሚወጡ ሁለት የራሱ ስሮች አሉት፣ ውፍረታቸው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር። በእነሱ ነው የሚበላው። የግራው ጡንቻ ደግሞ በብዛት የሚመገበው ሲላላ ነው፣ ሲጨመቅማ ስሮቹን ራሱ ይጫናቸዋል።

ከእነዚህ አንዱ ሲዘጋ ልቡ እየመታ ነው። ሳል የተዘጋ ስር አይከፍትም። ልብ ጭራሽ ከቆመ ደግሞ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ማን ያስላል? የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ይህን ለሕዝብ አልመክርም ብሏል። ወሬው የመጣው ሆስፒታል ውስጥ፣ በመሣሪያ እየታየ ላለ ሕመምተኛ ምቱ ሲዛባ ሐኪሙ ለጥቂት ሰከንድ «ሳል» ከሚልበት አጋጣሚ ነው። መኪና እየነዱ መሳል ሌላ ነገር ነው።

ደረት መሀል ላይ የሚጫን፣ የሚያፍን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ከመጣ አትንዱ። 907 ደውሉ፣ ወይም ሌላ ሰው ይውሰዳችሁ። እዚህም ቃል ያታልለናል። ለጨጓራም «ልቤን ያቃጥለኛል» እንላለን። ስንቱ ነው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ወተት ጠጥቶ የተኛ! በተለይ ስኳር ያለባቸው ሰዎችና ሴቶች ምልክቱ እንዲህ ጎልቶ ላይመጣ ይችላል። አጠገባችሁ ሰው ወድቆ ካልሰማና በደንብ ካልተነፈሰ ደግሞ ሁለት እጅ ደርባችሁ የደረቱን መሀል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እያስገባችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፣ እርዳታ እስኪደርስ።

የቀረችኝ አንዲት ነጥብ ናት። ያናደደችኝም እሷ ናት። «የልብ በሽታ የሀብታምና የሽማግሌ ነው።»

እነዚያን የቫልቭ ክሮች አስታውሱ ብያችሁ ነበር። አገራችን ውስጥ እነሱን የሚያበላሸው አንዱ ትልቅ በሽታ የሚጀምረው ከድሃ ልጅ ጉሮሮ ነው። እኛ «ቶንሲል» የምንለው የጉሮሮ ሕመም አንዳንዴ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ካልታከመ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲያሳድድ ተሳስቶ የራሱን ቫልቭ ይመታል። ልጁን ጉልበቱን ያመዋል፣ ከዚያ ክርኑን፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን። ቁርጥማት ነው ይባላል። ሕመሙ ያልፋል። ሐኪሞች መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ይነክሳል ይላሉ። ከዓመታት በኋላ ያች እንደ እርጥብ ወረቀት የሳሳች ቫልቭ ወፍራም ጠባሳ ሆና ትገኛለች። ክሮቹ አጥረው ተጣብቀዋል። በብዛት የሚያዙት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፣ የሚበዛውም ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ቤት ነው።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያቆመውም። ባክቴሪያውን የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው፣ ርካሽና አሮጌ መድኃኒት። አንዴ የተያዘ ልጅ ደግሞ እንዳይደገምበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት ይወጋል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የሕፃናት የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሲከፈት፣ እነ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት የለመኑለት ለማን ይመስላችኋል? ለሽማግሌ ሀብታም አይደለም። ከዚያ በፊት ልጆቹ ዕድል ከቀናቸው ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ያልቀናቸውስ?

ክፍሌ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የሚያርፍ ልጅ ነበረኝ። ሰነፍ ነው ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለአክስቴ ላክሁላት። ማታ የድምፅ መልእክት መለሰች። «አንብቤዋለሁ። ክኒኑን ጀምሬያለሁ። የታናሹንም ልጅ ጉሮሮ ነገ ጤና ጣቢያ አሳየዋለሁ። ግን ስማኝ፣ ዋገምቱን እኮ ለወገቤ ነው የምሄደው። እሱንም ልትከለክለኝ ነው?»